«አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው» ያልኳት እህቴ

ማክሰኞ፣ ከአዲስ አበባ ወልድያ

ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ወልድያ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የያዝኩት አንድ ትልቅ ቦርሳ ነው። ውስጡ ሃያ የመለጠጫ ላስቲኮች፣ ሁለት ኳሶችና አራት ትንንሽ የእጅ ክብደቶች አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ጂም በአሰልጣኝነት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወደ ላሊበላ የምሄደው ታናሽ እህቴ ደብሬ ስለጠራችኝ ነው።

ደብሬ ላሊበላ ከተማ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች። በአራት ዓመቷ ፖሊዮ ይዟት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም እግሮቿ አልታዘዟትም፤ የምትሄደው በዊልቸር ነው። ከጥምቀት በፊት ደወለችልኝና ከተማው ውስጥ ያሉ አካል ጉዳተኞች ተሰባስበው በቀበሌው አዳራሽ ሰውነታቸውን እንደሚያፍታቱ፣ ኳስም እንደሚጫወቱ ነገረችኝ። የሚያስተምራቸው ሰው ግን የለም። ዊልቸር የሚገፋውም፣ በክራንች የሚሄደውም ትከሻውን መታመም ጀምሯል። «ሦስት ቀን መጥተህ ትከሻችንን የሚያቆይልን ነገር ብታሳየን» አለችኝ። ደብሬ አንድ ነገር ስትለምነኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

እሺ ያልኳት በደስታ አልነበረም። ይህ ማስታወሻ እውነተኛ እንዲሆን ምክንያቱን እዚሁ ልናገር። ከሰባት ዓመት በፊት ሳገባ ደብሬ ሠርጌ ላይ እንድትገኝ አልፈለግሁም። የሚስቴ የሂሩት ዘመዶች ብዙና የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ እህቴን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ለደብሬ ደውዬ «አዳራሹ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍትም የለውም» አልኳት። አዳራሹ ግን አንዲት ደረጃ እንኳ አልነበረችውም፤ ከግቢው ሣር በቀጥታ የሚገባበት ነበር። ለሂሩት ደግሞ እህቴ ተቀይማኝ አልመጣም አለች አልኳት። ሂሩት ይህንን እውነት ነው ብላ ሰባት ዓመት ኖራለች። የደብሬን ስም ባነሣሁ ቁጥር ፊቷ ይከፋል፤ እኔም ቀስ በቀስ ስሟን ማንሣት ተውኩ።

ጣርማበርን በጭጋግ ወረድን። ከሸዋሮቢት በኋላ ሙቀቱ መጣ፤ ኮምቦልቻ ላይ ሽሮ በላሁ። ወልድያ የደረስኩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መነኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩና ለሂሩት ደውዬ በሰላም መድረሴን ነገርኳት። ለሥራ ነው ብያት ነበር የወጣሁት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ረቡዕ፣ በጋሸና ወደ ላሊበላ

ጠዋት ከወልድያ በሚኒባስ ተነሥተን የድልብን ዳገት ወጣን። ከላይ ስንደርስ አየሩ ሌላ ሆነ። ገብሱ ታጭዷል፤ አንዳንዱ ውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፤ ገለባው በነፋስ መንገዱን ያቋርጣል። ጋሸና ላይ መኪና መቀየር ነበረብኝና ጠብቁ አሉን። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት መኪኖች ረዳቶች «ፍላቂት! ፍላቂት!» እያሉ ይጣራሉ። በደቡብ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደ ኮን ይወስዳል፤ እኔና ደብሬ የተወለድነው ከኮን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። አባታችንን ከቀበርን ወዲህ ወደዚያ አልሄድኩም። ብርዱ ጣት የሚያደነዝዝ ስለሆነ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ንግግሬን ሰምታ የአገር ልጅ መሆኔን አወቀችና ላሊበላ ማን አለህ አለችኝ። ለሥራ ነው የምሄደው ብዬ ሻዬን ፉት አልኩ።

ላሊበላ ስደርስ ቀትር አልፎ ነበር። ደብሬ ከመነኸሪያው በር ትንሽ ራቅ ብላ፣ ኮብልስቶኑ ከሚያልቅበት ቦታ ትጠብቀኛለች። ከአባታችን ለቅሶ ወዲህ ገና መተያየታችን ነው። ጎንበስ ስል አንገቴን አቅፋ፣ «አያ፣ ከሳህ እኮ» አለችኝ። በእኛ አገር ታላቅ ወንድም አያ ይባላል። እጆቿ ጠንካሮች ናቸው፤ ቦርሳዬን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ራሷ እየገፋች ዳገቱን ወጣች። ልግፋሽ ብላት፣ ሲገፏት መቆጣጠር እንደሚያስቸግራት ነገረችኝ።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። የስፌት መኪናዋ ድሮ በእግር የሚረገጥ ነበር፤ ለብየዳ ሠራተኛ ሰጥታ በእጅ የሚዞር አስደርጋዋለች። ግድግዳው ላይ ጥለት የገባላቸው ቀሚሶች ተሰቅለዋል። ምስር ወጥ ሠርታ ጠብቃኛለች። እየበላን ስለ ቡድኑ አወራችኝ። አሥራ አራት ናቸው። ስለ ሂሩት ጤንነት ጠየቀችኝ፤ ደህና ናት አልኳት። ስለ ሠርጉ ሁለታችንም አላነሣንም።

ሐሙስ፣ አዳራሹ

አዳራሹ በቀበሌው ግቢ ውስጥ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ሁለት ደረጃ ነበረው። አባላቱ ራሳቸው ሦስት ቅዳሜ ድንጋይ አስጭነው፣ አፈር ደልድለው፣ ዊልቸር የሚያስገባ ተዳፋት ሠርተውበታል። በክራንች የሚሄዱት ድንጋይ ሲያቀብሉ፣ ዓይነ ሥውራኑ አፈሩን እንደረገጡት ደብሬ ነገረችኝ። ተዳፋቱ ላይ ቆሜ ትንሽ ዘገየሁ። እነዚህ ሰዎች የነበረ ደረጃ አጥፍተዋል፤ እኔ ያልነበረ ደረጃ ፈጥሬ እህቴን አስቀርቻለሁ።

ውስጥ ስንገባ ሰዎቹ ወንበርና ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁናል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራ መረብ ከግድግዳ ግድግዳ ዝቅ ብሎ ታስሯል፤ መሬት ላይ ተቀምጠው መረብ ኳስ የሚጫወቱበት ነው። ደብሬ ወደ መሐል ገፋ ብላ ገባችና አስተዋወቀችኝ።

«እኒህ ከአዲስ አበባ የመጡ አሰልጣኝ ናቸው። ሲሳይ ይባላሉ። ሥራቸውን ትተው ሦስት ቀን ሊያስተምሩን መጥተዋል።» ከዚያም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ይጀምሩልን» አለችኝ።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች እህቴ እርስዎ አለችኝ። መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ፤ ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። የእንግዳ ፊት ነበር ያሳየችኝ። ወንድሟ ነኝ ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁሉም ያየኛል። እኔ ግን «አመሰግናለሁ» አልኩና ቦርሳዬን ከፈትኩ።

ከዚያም ድንጋጤው ይሁን ልማድ፣ ጂም ውስጥ እንደማደርገው አጨብጭቤ «ሁላችሁም ተነሡ» አልኩ። የተነሡት ጥቂቶች ናቸው። አንድ እግራቸው የተቆረጠ፣ ስልሳ ዓመት የሚያልፋቸው ሰው፣ ጋሽ አዳነ ይባላሉ፣ «የምንነሣው ተነሥተናል፤ ለቀረነው ምን አለህ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።  ይቅርታ ጠይቄ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እንደገና ጀመርኩ። ላስቲኩን በበሩ እጀታ አስረን ክርንን ወደ ኋላ መሳብ፣ ትከሻን ማውረድ፣ ደረትን መክፈት አሳየኋቸው። ዊልቸርና ክራንች ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ስለሚያስገፉ ትከሻ የሚድነው ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ዓይነ ሥውሩ መሪጌታ፣ የድጓ መምህር ናቸው፣ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ «ልጄ፣ እንዲህ አድርጉ ስትል እንዲህ የቱ ነው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በቃል መናገር ጀመርኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ እንዲያ ተጠንቅቄ ተናግሬ አላውቅም።

መጨረሻ ላይ ኳስ ተጫወቱ። ኳሷን በፌስታል ጠቅልለው ያንከባልሏታል፤ ስትንኮሻኮሽ ዓይነ ሥውራኑ ድምፅዋን ተከትለው ይይዟታል። መሪጌታ እንደ ልጅ እየሳቁ መሬት ላይ ተንጋለሉ። ደብሬ ከዊልቸሯ ወርዳ ከመረቡ ሥር ቁጭ ብላ ትመታለች፣ ትከራከራለች፣ ነጥብ ትቆጥራለች። እህቴ ስትጫወት ያየሁት የዚያን ዕለት ነው። ልጆች ሆነን እኔ ስጫወት እሷ ደጃፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እርስዎ እንዳለችኝ ጠየቅኋት። ወንበሯን አቆመች።

«አያ፣ እዚህ ሰው ፎቶ ያነሣል፤ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። የሚስትህ ዘመዶች ቢያዩት ችግር ይሆንብሃል ብዬ ነው» አለችኝ። «የሠርግህን ቪዲዮ የአክስታችን ልጅ ስልክ ላይ አይቼዋለሁ። አዳራሹ ሜዳ ላይ ነው።»

 ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች። ለዚያ ሠርግ ቀሚስ ሰፍታ ነበር፤ ጥለቱ ብቻ አንድ ወር ፈጅቶባታል። በኋላ ለአንዲት ሙሽራ ሸጠችው። ይቅር በይኝ አልኳት። ነገ ጠዋት ሥራ አለብን አለችኝና ዳገቱን መግፋት ጀመረች።

ቅዳሜ፣ ነአኩቶ ለአብ

አርብ በሥልጠና ዋልን። ቅዳሜ ቡድኑ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሽርሽር ወጣ። በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ ይወጣሉ። ሚኒባስ ተከራይተን ዊልቸሮቹን ከላይ ጫንን። መንገዱ ብዙ አይርቅም። መኪናው የሚቆምበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ገዳሙ ወዳለበት ዋሻ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚወረደው። መሄድ የሚችሉት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ መሪጌታም አንድ ጎልማሳ ትከሻ ይዘው ሄዱ። ሜዳው ላይ የቀሩት ባለ ዊልቸሮቹና ጋሽ አዳነ ናቸው።

ደብሬ ገዳሙን አይታው አታውቅም። አራት ጊዜ መጥታ አራቱንም ጊዜ ሜዳው ላይ ነው የቀረችው። ከፊቷ ተንበርክኬ ጀርባዬን ሰጠኋትና ልዘልሽ አልኳት። ልጆች ሳለን ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት አዝዬ አድርሻታለሁ፤ ሠልጥኛለሁም፤ ክብደቷ ምንም አይደለም። 

«አንተን እንዲቀልህ ብዬ ጀርባህ ላይ አልወጣም» አለችኝ።

ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ከእኔ በቀር የሰማ ያለ አይመስለኝም። ተነሥቼ የጉልበቴን አፈር አራገፍኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የወረዱት ተመለሱ። መሪጌታ ከዋሻው ጣሪያ ከሚንጠባጠበው ጠበል በጠርሙስ ይዘው መጥተው ለቀረነው አጠጡን። ዳቦና ቆሎ ቀርቦ ሁሉም ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። እሷን በማዘል ያላራገፍኩትን ሸክም ሌላ ቦታ ላራግፍ ፈለግሁ መሰለኝ፣ ቆሜ መናገር ጀመርኩ። ደብሬ እህቴ ናት አልኩ። ሐሙስ ስታስተዋውቀኝ ዝም ማለቴን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ሠርጌ ላይ እንዳትገኝ አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው ብዬ መዋሸቴን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስናገር እንባዬ መጣ። ደብሬ ቆሎዋን እያየች ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት መሪጌታ ናቸው። ከአንድ አገር መሆናችንን ከንግግሬ፣ ከአንድ ቤት መሆናችንን ደግሞ ከሳቃችን እንዳወቁ ነገሩኝ። «እርስዎ ስትልህ ድምፅዋ ከብዷት ነበር። ዝም ያልኩት የቤታችሁ ነገር ነው ብዬ ነው» አሉ። ሌሎቹም አይዞህ፣ ይህ የብዙ ሰው ጥፋት ነው እያሉ ሊያጽናኑኝ ጀመሩ። እኔም እፎይ ልል ነበር።

ጋሽ አዳነ ግን ዳቧቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ላስታ ውስጥ ገበሬ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ድንጋይ ሲፈነቅሉ እግራቸው ተጨፍልቆ ነው የተቆረጠው። አሁን የሚኖሩት ከተማ ውስጥ ከልጃቸው ከወይዘሮ አበባ ጋር ነው። ወንድ ልጅም አላቸው፤ በሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ መመረቁን ሁለቱንም ቀን ሲያወሩልን ነበር።

«ልጄ ሲመረቅ፣ አባዬ መንገዱ ይጎዳሃል፣ አዳራሹም ደረጃው ብዙ ነው፣ ይቅርብህ አለኝ» አሉ። «አዝኖልኝ ነው ብዬ አምስት ዓመት ስመርቀው ኖርኩ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እሱም እንዳንተ ነበር እንዴ?»

አላውቅም አልኳቸው። ላይሆን ይችላል፣ እውነት ደረጃ ኖሮ ይሆናል አልኩ። ድምፄ እኔንም አላሳመነኝም። ከዚያ በኋላ የበላም የተጫወተም የለም። ስንመለስ ጋሽ አዳነ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤት ስንገባ ደብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ። «ለእኔ ተናግረህ ነበር፤ ለምን አልበቃህም?» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ይቅር እንዲልህ ፈልገህ የሽማግሌውን ልብ ሰበርክ።» እውነቷን ነው።

እሑድ፣ ጋሽ አዳነ ቤት

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመጨረሻው ሥልጠና ነበር። ጋሽ አዳነ አልመጡም። እንደጨረስን ደብሬ ቤታቸውን ነገረችኝና ብቻዬን ሄድኩ። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ክራንቻቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወይዘሮ አበባ በርጩማ አመጣችልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ትናንት ማታ ለልጃቸው ደውለው ጠይቀውታል።

«ምን አለዎት?»

«ዝም አለ። ከዚያ ስልኩ አይሰማም አለኝና ዘጋው።» ወደ መንገዱ እያዩ ቀጠሉ። «ከዚህ በፊትም አይሰማም እያለ ይዘጋብኝ ነበር። መስመሩ ነው እል ነበር።»

ለምን ነገረኝ ብለው እንዳልተቀየሙኝ ነገሩኝ፤ ግን ባያውቁት ይሻላቸው እንደነበርም አልደበቁኝም። ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የተናገሩት። ከዚያ ለሚስቴ ነግሬያት እንደሆነ ጠየቁኝ። አልነገርኳትም አልኩ።

«ለእኛ መንገር ቀላል ነው፤ ነገ ትተኸን ትሄዳለህ» አሉኝ። «አብራህ ለምትኖረው ንገራት።»

ልነሣ ስል፣ ሐሙስ ያሳየሁትን የትከሻ እንቅስቃሴ ግማሹን እንደረሱት ነገሩኝ። አንዱን ላስቲክ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከበሩ መቃን ጋር አሰርኩላቸው። ክርናቸውን ይዤ ሦስት ጊዜ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ሳብን። እስከመጨረሻው ፊቴን አላዩም፤ አንድም ግን አላጓደሉም።

ማክሰኞ፣ ቤት

ሰኞ ጠዋት ደብሬ መነኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ላስቲኮቹንና ኳሶቹን ለቡድኑ ትቼላቸዋለሁ። ደህና ግባ አያ አለችኝ፤ ተመልሰህ ና አላለችኝም። ጋሸና ላይ ወደ ኮን የሚወስደውን መንገድ አየሁና አለፍኩ። ወልድያ አድሬ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገባሁ።

ሂሩት ከሥራ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገርኳት። ካሳደርኩት እንደማልነግራት አውቅ ነበር። ቁጭ ብላ እስከመጨረሻው ሰማችኝ። አልጮኸችም። «አንድም ቀን ያልበደለችኝን ሰው ሰባት ዓመት ስጠላ አኖርከኝ» አለችና ስልኳን አውጥታ የደብሬን ቁጥር ጠየቀችኝ። ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ያወሩትን አልሰማሁም፤ ከአንድ ሰዓት በላይ አውርተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ከሚያስፈልገው በቀር አላነጋገረችኝም። ለፋሲካ ደብሬን የጠራቻት ሂሩት ናት። እመጣለሁ ብላታለች፤ የምትመጣውም የሂሩት እንግዳ ሆና ነው።

ጉዞው በሙያዬ ብዙ አስተምሮኛል። አሁን አንድ ሰው ሊሠለጥን ሲመጣ ተነሣ ከማለቴ በፊት ሰውነትህ ምን ይችላል፣ ምን ያምሃል ብዬ እጠይቃለሁ። የምሠራበት ጂም ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰው እንኳ በዊልቸር መጥቶ እንደማያውቅም ልብ ያልኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ባለቤቱን ምድር ቤት ያለውን ክፍል ለዚህ እንዲያደርገው ጠይቄዋለሁ፤ አስብበታለሁ ብሎኛል። ስለ ራሴ የተማርኩት ግን ከዚህ ይከብዳል። ድሮ በእህቴ አፍሬ ነበር፤ አሁን በራሴ አፈርኩ። በሁለቱም ጊዜ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዋጋውን የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

ለደብሬ በየሳምንቱ እደውላለሁ። ስልኩን ታነሣለች፤ ስለ ትከሻ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ቡድኑ እናወራለን። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ባለፈው እሑድ ጋሽ አዳነ እንዴት ናቸው አልኳት። ከሁሉ ቀድመው እየመጡ፣ ከሁሉ ኋላ እንደሚወጡ ነገረችኝ። ልጃቸው ደውሎ እንደሆነ ጠየቅኋት። አልደወለም አለችኝ።